ሳያድሩ ሪዞርት መዋል፦ ከበሩ እስከ ሎከር ቁልፉ

አክስቴ አገልግላቸውን ታቅፈው ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሎጅ በር ላይ ቆመዋል። ጥበቃው ከፊታቸው ቆሟል። እኛ አምስታችን መኪናው ውስጥ ሆነን እንደማያውቃቸው ሰው ወዲያ ወዲያ እናያለን።

«እማማ፣ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም።»

«ኧረ ልጄ፣ ምግብ እኮ አይደለም፣ ዶሮ ነው!»

ሌሊት ተነስተው የሠሩት ዶሮ ነው። ጥበቃው ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ግን አላስገባም። «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለው በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ያላነበብነው እኛ ነን። አገልግሉ ከመኪናው ኋላ እንደተቆለፈበት ዋለ። እኛ ዓሣ አዘን በላን። አክስቴ ግን ቀኑን ሙሉ ልባቸው መኪናው ውስጥ ነበር፣ በየግማሽ ሰዓቱ «ፀሐይ አይመታውም?» ይላሉ።

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፣ የኔ ነው። አንድ ስልክ ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ ዶሮው ለእሁድ ይቀር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚሁ ወሎ ውስጥ ሳላድር የምውልባቸው ሎጆችና ሆቴሎች በዝተዋል፣ ሐይቅ ከተማ፣ ኮምቦልቻ፣ ላሊበላ። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ አትፍሩ። አልጋ ያልያዘ ሰው ሪዞርት ቢገባ የሚያባርረው ያለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የለም። የአብዛኛው ቤት ሬስቶራንትና አትክልት ቦታ ለማንም ክፍት ነው። ዋና፣ ስቲም፣ ጂም፣ ጀልባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በክፍያ ነው። የማይፈቀድላችሁ የመኝታ ክፍሎቹ መደዳ፣ በረንዳዎቹ እና አዳሪዎች የሚበሉት የጠዋት ቁርስ ነው። እንደውም ከ2012 ወዲህ ኮሮናውም ጦርነቱም ተደራርቦ የውጭ ቱሪስት ስለራቀ፣ በተለይ ላሊበላ፣ ሻይ ሊጠጣ የመጣ የአገር ሰው ደስ ተብሎት ነው የሚስተናገደው።

ግን ደውሉ። ስትደውሉም «ክፍት ናችሁ?» ብላችሁ አትዝጉት። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «ለማደር አይደለም፣ ለመዋል ነው የምንመጣው። ስድስት ነን፣ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። መግቢያ አለው? ዋናው ለብቻው ነው ወይስ አብሮ? የከፈልነው ከምግቡ ላይ ይታሰብልናል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ገንዘብ ናት። አንዳንዱ ቤት መግቢያ ተቀብሎ ኩፖን ይሰጣችሁና ስትበሉ ይቀንስላችኋል። አንዳንዱ አይቀንስም። ኩፖኑን ጥላችሁ ሂሳብ ሲመጣ ብትጨቃጨቁ የሚሰማችሁ የለም፣ ስለዚህ ደረሰኝና ኩፖን ኪስ ይግባ። ኬክ ይዛችሁ ልደት ልታከብሩ ከሆነም ያኔውኑ ተናገሩ። ብዙ ቤት ኬክ ይፈቅዳል፣ ለስላሳና ቢራ ግን ከኛ ግዙ ይላችኋል። ጫት የሚፈቅድ ሪዞርት እኔ አላጋጠመኝም፣ «ትንሽ ናት» ማለትም አይሠራም። እና ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እንዳለ ጠይቁ። የሰርግ ቀን ግቢው በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ባይዘጋም አስተናጋጁ እናንተን የሚያይበት ዓይን አይኖረውም።

በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ጥበቃውን እንደ በር መዝጊያ አልፋችሁት አትሂዱ፣ ወሎ ነው ያላችሁት፣ «እንዴት ዋላችሁ፣ ሰላም ናችሁ» ይባላል። መታወቂያ ከጠየቀ ስጡ፣ የመኪና ታርጋ ከመዘገበ ይመዝግብ። መሣሪያ የያዘ ሰው አብሯችሁ ካለ በር ላይ እንዲያስቀምጥ ወይም ቤቱ እንዲተወው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በር ላይ መከራከር የሁላችሁንም ቀን ያበላሻል። ባጃጅ ግቢ ውስጥ የማያስገቡ ቤቶችም ስላሉ ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ከበሩ እስከ ሬስቶራንቱ ያለውን ርቀት አስቡት። «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብሎ ዋሽቶ የሚገባም አለ። ምን ያደርግላችኋል? የሚፈቀድ ነገር ነው፣ «ምሳ ልንበላ ነው» በሉ።

እውነተኛ ዘመድ ልትጠይቁ ከሆነ ሌላ ነው። የአጎታችሁ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ሪዞርት አርፏል እንበል። ሪሴፕሽን ሄዳችሁ ክፍል ቁጥሩን አትጠይቁ፣ አይነግሯችሁም፣ መንገርም የለባቸውም። ስሙን ተናገሩ፣ እነሱ ይደውሉለታል፣ እናንተ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ክፍሉ ድረስ አሥር ሆኖ መውጣት ነውር ነው፣ ጎረቤት ክፍል የተኛ ሰው አለ። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ሂሳቡ ነው። እሱ «በኔ ክፍል ይመዝገብ» ካለ እሺ፣ እሱ ሽንት ቤት ሲሄድ እናንተ ክትፎ አዛችሁ «በክፍሉ ያዙት» ማለት ግን… አይቻለሁ፣ ለዚህ ነው የምናገረው። የጠዋት ቁርሱም ለእሱ የተከፈለ ነው እንጂ ለቤተሰቡ አይደለም። አብራችሁት ልትበሉ ከፈለጋችሁ ለአንድ ሰው ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ክፈሉ።

ምግብ ላይ እንቆይ፣ እዚህ ላይ ብዙ ነገር አለ። ወሎ ውስጥ ሰው ስትጋብዙ ከሜኑው በፊት የሚመጣው የሥጋ ጉዳይ ነው። እዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ መቀመጡ ብርቅ አይደለም፣ አንድ ቤተሰብም ውስጥ አለ። ስለዚህ አስተናጋጁን «ሥጋው የማን ነው? የሁለቱም አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በግልጽ፣ ሳታፍሩ። ማንም አይቀየምም። ሁለቱም ያለው ቤት ወጥ ቤቱም ሳህኑም ለየብቻ መሆኑን ይነግራችኋል። አንዱ ብቻ ካለ ዓሣ ወይም ሽሮ አለ። የተጋበዘው ሰው ራሱ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፣ ይሉኝታ ይይዘውና «ጠግቤያለሁ» ብሎ ለስላሳ ይዞ ይቀመጣል። ረቡዕና አርብ ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ የጾም ምግብ መኖሩን ስትደውሉ ጠይቁ። ረመዳን ላይ ደግሞ ከጾመኛ ጋር ከሆናችሁ የምሳውን ሐሳብ ትታችሁ ማታ ለኢፍጣር ድረሱ፣ ቦታም ያዙ። መስገጃ ቦታ ከፈለጋችሁ ለአስተናጋጅ ንገሩ። በኔ ልምድ አንድ ጥግ አጽድቶ ውሃም ያቀብላል እንጂ አይቸግረውም።

አሁን ሂሳብ። ሜኑ ላይ ያያችሁት ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ ላይሆን ይችላል። ከታች በትንሽ ፊደል «ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም» የሚል አለ። ሁለቱንም የሚጨምር ቤት ከሆነ 300 ብር ያያችሁት ምግብ በመጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመርበትና 330 ይሆናል፣ ከዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 379 ብር ከ50 ሳንቲም። ለስድስት ሰው አስሉት። እዚያው ቁጭ ብዬ ልጆቹ እያዩኝ ቴሌብሬ ውስጥ ያለውን ብር በጠረጴዛ ሥር ቆጥሬ አውቃለሁ። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ትንሽ ጥሬ ብርም ያዙ። ሰርቪስ ቻርጅ ከፈላችሁ ማለት ደግሞ ያ ልጅ እጅ ላይ ወዲያው ደረሰ ማለት አይደለም፣ ጥሩ ካስተናገዳችሁ ትንሽ ጉርሻ ጣል አድርጉለት።

ዋና የምትፈልጉ የደሴ ሰዎች እንደኔ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ መሄዳችሁ አይቀርም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ያልሞቀ ገንዳ ውስጥ መግባት ቅጣት ነው። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እዚያ ፀሐይ አለ። ግን በቱታና በጂንስ አይገባም። ይህን ለኩራት አይደለም የሚከለክሉት፣ የጥጥ ልብስ ቀለም ይለቃል፣ ክሩም ማጣሪያውን ይደፍናል። መሸፈን የምትፈልግ ሴት ከዋና ጨርቅ የተሠራ ሙሉ ልብስ ትያዝ፣ ቤቱ እንደሚፈቅድም በስልክ ታረጋግጥ። ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ውሰዱ፣ በተለይ ፀጉር ቅባት ያለው ሰው። ፎጣ የሚሰጡ ቤቶች አሉ፣ የማይሰጡም አሉ፣ የራሳችሁን ብትይዙ አትጎዱም። የገንዳ ዳር ወንበር ላይ ፎጣ አንጥፎ ለሁለት ሰዓት መጥፋትም አለ። ወንበሩ መጀመሪያ የአዳሪው ነው። አዳሪ ሲመጣና ቦታ ሲያጣ ብድግ በሉለት፣ እሱ ለዚያ ጭምር ከፍሏል።

ልጆች! ገንዳ ዳር የሚያያቸው አዋቂ ይመደብ፣ በየተራ። የዋና ጠባቂ አለ ብላችሁ ቡና አትጠጡ። በየቤቱም የለም።

ሐይቅ ዳር ስትሆኑ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሐይቁ ከከተማዋ ወረድ ብሎ ነው። ዋኝታችሁ፣ ዓሣ በልታችሁ፣ ከዚያ «እስቲ እስጢፋኖስን እንሳለም» ማለታችሁ አይቀርም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የነበሩበት ገዳም ነው፣ ቁምጣ ለብሶ የሚገባበት አይደለም። ሴቶች ገዳሙ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፣ ጠዋት ገዳም፣ ከሰዓት ሎጅ። እኛ ሳንገለብጥ ሄደን ወንዶቹ እርጥብ ፀጉራችንን በነጠላ ሸፍነን ነው የተሳለምነው። አክስቴ ውጭ ቀርተው ስለ ዶሮው አሰቡ።

ፎቶ ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። በስልክ ራሳችሁን ማንሳት ማንም አይከለክላችሁም። ትልቅ ካሜራ፣ ሙሽራና ሚዜ ይዞ መግባት ግን የሚከፈልበት ፕሮግራም ነው፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚባል ሙሽራ ደግሞ የለም። ዋና ልብስ የለበሰ ሰው ከጀርባችሁ ካለ ስልኩን አዙሩት። ፈረንጅ ስለሆነ መነሳት ይወዳል ማለት አይደለም።

ላሊበላ ላይ የምወደው ማታ 12 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። ብዙዎቹ ሆቴሎች ገደል አፋፍ ላይ ስለተሠሩ ፀሐይ ስትገባ ሸለቆው ከሥራችሁ ይቀላል። ለዚህ አልጋ መያዝ አያስፈልግም፣ አንድ ሻይ ይበቃል። ግን አንድ ሻይ ለአንድ ሰው ነው እንጂ ለስምንት አይደለም! የገና ሰሞን ደግሞ ይህን እርሱት። ከተማው በተሳላሚ ይሞላል፣ በረንዳውም ሙሉ ነው፣ ጠጥታችሁ ቶሎ ተነሱ።

መንገደኛ ሆናችሁ ሽንት ቤት ብቻ ከፈለጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውስጥ አትሩጡ። «ወንድሜ፣ መንገደኛ ነን፣ መጸዳጃ ቤት ብንጠቀም?» በሉ፣ ስትወጡ ውሃ ወይም ቡና ግዙ። ለዋይፋይም እንዲሁ፣ ፓስወርድ ከትዕዛዝ በኋላ ነው የሚጠየቀው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ አምስት ስልክ ይዞ መጥቶ ቻርጅ የሚሰካ ጎረቤትም አለ። አንድ ስልክ ይበቃል።

ስትወጡ ኪሳችሁን ፈትሹ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ዋኝቼ ደሴ ከገባሁ በኋላ ሱሪዬን ሳወልቅ በላስቲክ የታሰረች የሎከር ቁልፍ ወደቀች፣ ቁጥር 14። ደወልኩ። የገንዳዋ ልጅ «አብሽር፣ መታወቂያህ እኛ ጋ ነው» አለችኝ። ለካ ቁልፍ ስቀበል ማስያዣ ሰጥቻለሁ። በማግስቱ ሐረጎን እንደገና ወርጄ ተለዋወጥን። መታወቂያዬን እያቀበለችኝ «ዛሬም ትዋኛለህ?» አለች። ቁምጣዬን አልያዝኩም ነበር።