ሼር የተደረገ ፎልደር እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

«ሰርቨሩ ሞቷል!» ተብዬ ስጠራ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩን ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። ሰርቨር (የጋራ ፋይሎች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር) ላይ ያለ ፋይል ለመክፈት ሦስት በር ይታለፋል፦ መንገዱ፣ ማንነታችሁና ፈቃዳችሁ። የትኛው በር እንደተዘጋ ሳይታወቅ ሴቲንግ መነካካት አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ እምቢ ያለው ሁሉንም ሰው ነው ወይስ አንዱን ብቻ? ሁሉንም ከሆነ ወደ ሰርቨሩ ሂዱ። አንዱን ብቻ ከሆነ ሰርቨሩን ከመንካታችሁ በፊት የሰውየውን ኮምፒውተር እዩ።

ሰርቨሩ ኔትወርክ ውስጥ አይታይም

አለመታየትና አለመገናኘት ይለያያሉ። የፎልደር መስኮት ክፈቱና ከላይ ባለው የአድራሻ ቦታ ላይ የሰርቨሩን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን) በቀጥታ ጻፉ፤ ለምሳሌ \\192.168.1.10። ከተከፈተ መንገዱ ደህና ነው፤ የጎደለው ዝርዝሩ ላይ ስሙ መውጣቱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ድሮ ዊንዶውስ ጎረቤት ኮምፒውተሮችን ያገኝ የነበረው በኤስኤምቢ 1 (ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጋሩበት አሮጌ ፕሮቶኮል ወይም የመነጋገሪያ ደንብ) በኩል ነበር። ከ2017 ወዲህ ግን ማይክሮሶፍት ይህን በአዲስ ከሚጫን ዊንዶውስ 10 ላይ ደረጃ በደረጃ አውጥቶታል። «መልሰህ አብራው» የሚል ምክር ከሰማችሁ እባካችሁ አትስሙ። በዚያው በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚህ አሮጌ ፕሮቶኮል ቀዳዳ ገብቶ ነው። ፎልደሩን በአይፒው ድራይቭ አድርጋችሁ ብታያይዙት ይበቃል።

በአይፒም ካልተከፈተ፣ ሰርቨሩ ላይ ሄዳችሁ አሁን ያለውን አይፒ አረጋግጡ። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ቋሚ ቁጥር ያዙለት። አይፒው ልክ ሆኖ አሁንም ካልሄደ ፋየርዎሉን (ግንኙነት የሚያግደውን መከላከያ) ጠርጥሩ፤ ፖርት 445 (የፋይል መጋራት የሚያልፍበት ቁጥር) ለውስጥ ኔትወርክ ክፍት ይሁን። ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት ከሆነ ሼሪንግን ራሱ ይዘጋዋል፤ ወደ «ፕራይቬት» ቀይሩት። ፖርት 445ን ለኢንተርኔት ግን በፍጹም አትክፈቱ። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ያለ ላፕቶፕም ሰርቨሩን አያገኝም፣ ብዙዎቹ ራውተሮች ሆን ብለው ይለዩታል።

ፓስወርዱ ልክ ነው፣ አይቀበልም

ሰዎች ፒን ያስገባሉ። ዊንዶውስን የምትከፍቱበት ፒን ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ በኔትወርክ አይሠራም። ፓስወርዱን በቅርብ ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ አሮጌውን ይዞ እየላከ ይሆናል። በኮንትሮል ፓነል የተቀመጡ ፓስወርዶች ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ የሰርቨሩን አጥፉ።

ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ሳምባ (ፎልደሩን ለዊንዶውስ ሼር የሚያደርገው ፕሮግራም) የራሱ የፓስወርድ መዝገብ አለው። የሊኑክሱን ፓስወርድ መቀየር በተለምዶ የሳምባውን አይቀይረውም። ተጠቃሚውን በሳምባ በኩል ለብቻው መዝግቡት።

1219 የሚል ስህተት ከመጣ፣ ያው ኮምፒውተር ቀድሞ በሌላ ስም ገብቷል ማለት ነው። የድሮውን ግንኙነት አቋርጡና እንደገና ግቡ።

ይከፈታል፣ ሴቭ ግን አይሆንም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰዓት የሚባክነው። ዊንዶውስ ላይ ሁለት ቁልፍ አለ፦ አንዱ የሼሩ፣ ሌላው የፎልደሩ የራሱ ፈቃድ። ሁለቱ ሲለያዩ የሚያሸንፈው ጠበቅ ያለው ነው። ሼሩ ላይ ሙሉ ፈቃድ ሰጥታችሁ ፎልደሩ «ማንበብ ብቻ» ካለ፣ ማንበብ ብቻ ነው።

አንዴ አንድ ፎልደር ውስጥ ሁሉም ፋይል እየተከፈተ አንዱ ኤክሴል ብቻ እምቢ አለ። የፋይሉን «ሴኩሪቲ» ገጽ ስከፍት የአንድ ሰው ስም ብቻ አለበት። ሰውየው ፋይሉን ከግል ፎልደሩ ከት አድርጎ አምጥቶታል። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ከት የተደረገ ፋይል የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይመጣል፤ ኮፒ የተደረገ ግን የአዲሱን ፎልደር ይወርሳል። መፍትሄው ከላይ ካለው ፎልደር ፈቃዱን እንዲወርስ ማድረግ ነው።

ሳምባ ላይ ደግሞ አንዱ የፈጠረውን ሌላው ማስተካከል ያቅተዋል። ሁሉንም አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቡ፣ ፎልደሩን በዚያ ግሩፕ ስም አድርጉና ፈቃዱን 2770 አድርጉት (ለባለቤቱና ለግሩፑ ሙሉ፣ ለሌላው ዝግ፤ አዲስ ፋይልም የግሩፑ ይሆናል ማለት ነው)። በሳምባ ሴቲንግ ውስጥም ለአዲስ ፋይል 0660 (ባለቤቱና ግሩፑ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ)፣ ለአዲስ ፎልደር 2770 ስጡ።

ሲጨንቃችሁ «ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ» ብላችሁ አትገላገሉ። ችግሩ ለጊዜው ይጠፋል፣ ግን ማንም ሰው ማንኛውንም ፋይል ማጥፋት ይችላል።

ይሠራል፣ ግን ይንቀራፈፋል

ትልቅ ፋይል ኮፒ ስታደርጉ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ቆሞ ከቀረ ኬብሉን ጠርጥሩ። ጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ኬብሉ ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል። አንዷ ከተበጠሰች ግንኙነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድ ይችላል፤ መብራቱ ስለሚበራ ግን ማንም ልብ አይልም። ሌላ ኬብል ሰክታችሁ ያንኑ ፋይል ደግማችሁ ኮፒ አድርጉ።