ለማሰሮ ተክል አንድ ዝንብ ይበቃል

የወንድሜ ልጅ ይህን ተክል ከአዲስ አበባ ሲያመጣልኝ መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር። ስሙ ኔፔንቴስ ነው። ከቅጠሉ ጫፍ ክር የመሰለ ነገር ይወርድና ጫፉ አብጦ ክዳን ያላት ማሰሮ ይሆናል። አገሩ ሩቅ ነው፤ ቦርኒዮ የምትባለው የእስያ ደሴትና ፊሊፒንስ። አሁን ደሴ፣ ጦሳ ተራራ በሚታይበት መስኮቴ ላይ ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል።

ቤቴ የገባ ሁሉ «ምን ታበይዋለሽ?» ይለኛል። በጣም ትንሽ ነው የማበላው። ምግቡን እንደማንኛውም ቅጠል ከብርሃን ይሠራል። የሚበቅልበት አፈር ደሃ ስለሆነ ናይትሮጅኑን ከነፍሳት ያገኛል። ፀሐይዋ እንጀራው ናት፣ ዝንቧ ወጥ። ስለዚህ ፍግም ማዳበሪያም አፈሩ ላይ አትጨምሩ።

በወር አንዴ ለአንዲት ማሰሮ አንድ ዝንብ ወይም ትንሽ ፌንጣ በቂ ነው። ስድስት ማሰሮ ካለው ሁለቱን ብቻ አጉርሱ። ክዳኗ በራሷ የተከፈተውን ምረጡ፤ ያልተከፈተችውን በጥፍር አትነካኩ። በፍሊት የሞተ ዝንብ በፍጹም አይሰጥም። እኔ ክንፉን በወረንጦ ይዤ በከንፈሯ በኩል እለቀዋለሁ። አንድ ቀን አንዲት ጉንዳን በራሷ መጣች። ከማሰሮዋ ክዳን ሥር ያለውን ጣፋጭ ላሰች፣ ወደ ማሰሮዋ ከንፈር ዞረች፣ እግሯ ባንዴ ከዳት። ግድግዳውን ልትወጣ ሞከረች፣ አልቻለችም።

ሥጋ ግን አይሆንም። የአረፋ ዕለት ጎረቤቴ ሥጋ ይዘውልኝ መጡ። ተክሉን አይተው «ሥጋ በል ነው ካልሽማ አረፋው አይቅርበት» አሉ። ደስ አለኝና ባቄላ የምታህል ቁራጭ ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ። ማሰሮዋ ከታች ጀምራ ጠቁራ ሟሸሸች። ሳትፈጨው በፊት በስብሶባት ነው። በጣም አዘንኩ፤ ያቺ ትልቋ ነበረች።

ከምግቡ ይልቅ ውሃው ያስጨንቀኛል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ? የቧንቧው ውሃ እሱን አፈሩ ውስጥ ያከማችና ሥሩን ይጎዳል። ሐምሌና ነሐሴ ግቢው መሃል ሳፋ አስቀምጬ የዝናብ ውሃ አጠራቅማለሁ። ሦስት ጀሪካን ይወጣኛል። ማሰሮዋ ውስጥ ያለውን ውሃ ግን አትድፉት፤ ዝንቡን የምትፈጨው በእሱ ነው። ተገልብጣ ከፈሰሰባት የዝናብ ውሃ በስሪንጅ እስከ ሲሶዋ ሙሉላት።

በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ስለሚበርድ ከመስኮቱ መስታወት አርቄ አስቀምጠዋለሁ፤ ማጉረሱንም አቆማለሁ። ሲበርደው መፍጨቱ ይዘገያል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሞቅ ስለሚላችሁ በረንዳ ላይ፣ ከቀትር ፀሐይ ከለል አድርጋችሁ ስቀሉት። እዚያ ራሱ ነፍሳት እያደነ ይበላል፤ እናንተ አታጉርሱት።

ማሰሮዋ ከአፏ ጀምራ ብትደርቅ አትደንግጡ፤ አርጅታ ነው። ሙሉ በሙሉ ስትደርቅ ቁረጧት። ባለፈው ሰኔ አንዷን በምላጭ ሰነጠቅኳት። ታችኛው ክፍሏ ላይ የፌንጣ እግርና የዝንብ ክንፍ ብቻ ቀርቷል። ከጎኗ ካለው ቅጠል ጫፍ ደግሞ ስንዴ የምታህል አዲስ ማሰሮ እያበጠች ነበር። እሷ ክዳኗን እስክትከፍት ምንም አልሰጠኋትም።