የስኮላርሺፕ ኢንተርቪው ተጠራችሁ? መጀመሪያ «እኔ» ማለት ተለማመዱ

ኢሜይሉ መጣ። ለኢንተርቪው ተመርጣችኋል ይላል። እናት እልል አለች፣ ጎረቤት ሰማ፣ እናንተ ደግሞ ከደስታው ማግስት ጀምሮ ሆዳችሁ ይገለባበጥ ጀመር። ያለ ነገር ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ። የመጀመሪያውን በሚያሳፍር ሁኔታ ወደቅኩ፣ ሁለተኛውን አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ የሚጠሩ ታናናሾቼን ቤቴ ቁጭ እያደረግኩ በጥያቄ አፋጥጣለሁ፤ የማየው ስህተት ግን ሁሌም ያው ነው።

ሁሉም የሚፈራው እንግሊዝኛውን ነው። እንግሊዝኛው ብዙ ሰው አይጥልም። የሚጥለን አስተዳደጋችን ነው። «ሥራህ ያውጣህ» እየተባልን ነው ያደግነው። ስለ ራሱ የሚያወራ ጉረኛ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ደግሞ የጨዋ ልጅ። ኢንተርቪው ላይ ግን ሥራችሁ ብቻውን አያወጣችሁም፣ ምክንያቱም ሥራችሁን በዓይኑ ያየ ሰው እዚያ የለም። ካልነገራችሁት አልተሠራም።

በቅርቡ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ልትለማመድ መጣች። ቡና እየተቆላ ጠየቅኳት፦ አካባቢሽን የጠቀምሽበትን አንድ ነገር ንገሪን። «ትምህርት ቤታችን ውስጥ የማስጠናት ፕሮግራም ነበር፣ ተማሪዎች ይረዳዱ ነበር» አለችኝ። አለቀ። ማን ጀመረው? «ተማሪዎች።» የትኞቹ? ዝም። ጎትጉቼ ጎትጉቼ አራተኛው ጥያቄ ላይ ወጣ፦ የጀመረችው እሷው ናት። የ8ኛ ክፍል ልጆች ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሁለት ወር ሲቀራቸው ርዕሰ መምህሩን ለምና የአንድ ክፍል ቁልፍ ተቀብላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ 11 ልጆችን ሒሳብ ታስጠና ነበር። ጠመኔ እንኳ የምትገዛው ከታክሲ ብሯ ቆጥባ ነው። ይህን ሁሉ «ፕሮግራም ነበር» በሚል ሁለት ቃል ቀብራው ልትሄድ!

ጉራ ይመስላል ብላ ነው። ጉራ ማለት ግን «እኔ ጎበዝ መሪ ነኝ» ማለት ነው። «ቁልፉን ለመንኩ፣ 11 ልጆች መጡ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አራቱ ቀሩብኝ፣ ቤታቸው ሄጄ ወላጆቻቸውን አነጋገርኩ» ማለት ጉራ አይደለም፣ የሆነውን መናገር ነው። ልዩነቱን ከያዛችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

እንግዲህ ወረቀት አምጡና ከሕይወታችሁ ስድስት ያህል ታሪክ ጻፉ። የጀመራችሁት ነገር፣ የወደቃችሁበት ነገር፣ ከሰው ጋር ተጋጭታችሁ የፈታችሁት ነገር፣ የከበዳችሁ ጊዜ፣ የምትማሩትን ትምህርት እንድትወዱ ያደረጋችሁ አጋጣሚ፣ ሌላውን ሰው የጠቀማችሁበት ነገር። ለእያንዳንዱ ችግሩ ምን ነበር፣ እናንተ በእጃችሁ ምን አደረጋችሁ፣ በመጨረሻ ምን ተለወጠ የሚለውን አስቀምጡ። ቢቻል አንድ ቁጥር ይኑርበት። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ከስድስቱ በአንዱ ይመለሳል።

ዓረፍተ ነገሩን ግን አትሸምድዱ! እኔ መጀመሪያ ጊዜ የወደቅኩት በዚህ ነው። «ስለ ራስህ ንገረን» ለሚለው ሁለት ገጽ ጽፌ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ በቃሌ ያዝኩት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ አንዷ ጠያቂ ፈገግ ብላ «ይቅርታ፣ እዚያች ከተማ ስንት ዓመት ኖርክ?» አለችኝ። ቴፑ ተበጠሰ። መልሼ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ፣ ላቤ ብቻ ይወርዳል። የሚያዘው የታሪኩ መነሻና ቁጥሩ ብቻ ነው፤ መሀሉን በየጊዜው በአዲስ አፍ አውሩት።

«ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉ ደግሞ የት እንደተወለዳችሁና የት የት እንደተማራችሁ አይደለም የሚፈልጉት፤ እሱን ፎርሙ ላይ አንብበውታል። አሁን ምን ላይ እንዳላችሁ፣ እዚህ ያደረሳችሁ አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄዱ። ከሁለት ደቂቃ አይለፍ።

ቀጥሎ፣ ያመለከታችሁበትን ጽሑፍ አውጡና እንደ ጠላት አንብቡት። እያንዳንዱ መስመር ላይ «እንዴት? ማን አለ? ስንት?» እያላችሁ። ጠያቂዎቹ ፊታቸው ያስቀመጡት እሱን ነው። ስኮላርሺፑ ራሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግም እወቁ፤ ሁሉም አንድ አይደሉም። የእንግሊዙ ቼቪኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ እንድትቆዩ ያስገድዳል። ስለዚህ ስትመለሱ የምትሠሩት ነገር ከሌላችሁ ገና ከበሩ ተሸነፋችሁ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቱርኪዬ ቡርስላሪ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ቱርክኛ ያስተምራል፤ «ለምን ቱርክ?» ሲሏችሁ «ነፃ ስለሆነ» የሚል ፊት አይታይባችሁ። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ላይ የሚጠይቋችሁ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ የትምህርት ጥያቄ ይኖራል ብላችሁ ደብተራችሁን ግለጡ። የአውሮፕላን ትኬት እንደማይሸፍንም አስቀድማችሁ እወቁ፣ ቱርኪዬ ግን ይሸፍናል።

«ተመልሼ አገሬን አገለግላለሁ» የምትለውን ነገር እባካችሁ ተዉአት። የኛ ሰው ሁሉ እሷኑ ነው የሚለው። አገር ሰፊ ናት፤ የቱን? «የወረዳችን ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚበላሽ መሣሪያ የሚጠግን ሰው የለም፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የምማረው ለዚያ ነው» ያለ ልጅ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ውጤታችሁንም አስረዱ። ጠያቂው የኛን አገር ፈተና ላያውቅ ይችላል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በእነዚህ ዓመታት ያለፈ ልጅ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተናገረ ውጤቱ ወረቀት ላይ ተራ መስሎ ይቀራል። ስትናገሩ ግን ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ 2022 ወይም 2023 ብላችሁ፤ አለበለዚያ ሰውየው እናንተ ስንት ዓመታችሁ እንደሆነ ማስላት ይጀምራል።

ሰዓት! ይህቺን በቀይ እስክሪብቶ ጻፏት። ጓደኛዬ ኢሜይሉ ላይ «2:00» የሚል አይቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱፉን ለብሶ ስክሪን ፊት ተገትሮ ነበር። የተጠራው ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እሱስ ቀድሞ ተረፈ፣ የሚያልፈው አለ። በእንግሊዝ ሰዓት ጠዋት 9:00 ከተባላችሁ በክረምታቸው በኛ አቆጣጠር ቀን ስድስት ሰዓት ነው፤ እነሱ ግን በፈረንጅ ማርች መጨረሻ (በኛ መጋቢት አጋማሽ ገደማ) ሰዓታቸውን ወደፊት ያዞራሉ፣ ከዚያ በኋላ ያው 9:00 በኛ አምስት ሰዓት ይሆናል። በየካቲት ያሰላችሁትን ይዛችሁ ሚያዝያ ላይ እንዳትቀመጡ።

በዙም ከሆነ መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሱ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ስልካችሁም ላይ ዙም ተጭኖ ይጠብቅ፣ አንድ የኢትዮ ቴሌኮም አንድ የሳፋሪኮም ሲም ከነዳታው ይኑራችሁ። የጠራችሁን ኢሜይል ክፍት አድርጉት፣ ከተቋረጠ ወዲያው የምትልኩትን ሁለት መስመርም ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቤት ላሉት ንገሩ። እኔ ጋ አክስቴ በመሀል «ምሳ ቀርቧል» ብላ ገብታ ታውቃለች (ጠያቂዎቹ ሳቁ፣ እኔ ግን አምስት ደቂቃ ሙሉ ጆሮዬ ቀልቶ ቀረ)።

ዓይን ላይም ያው የአስተዳደጋችን ነገር አለ። ትልቅ ሰው ሲያናግረን መሬት ማየት ለምዶብናል። እነሱ ዘንድ የሚደብቅ ሰው ያስመስላል። በአካል ከሆነ የጠየቃችሁን ሰው ፊት እዩ፣ በስክሪን ከሆነ ስትናገሩ ካሜራዋን። እኔ ከካሜራዋ ጎን ትንሽ ቢጫ ወረቀት ለጥፌ ነበር። በአባታችሁ ስም ቢጠሯችሁም አትደናገጡ፣ መጠራት የምትፈልጉትን ስም በፈገግታ ንገሯቸው፣ በቃ።

ጥያቄው ካልገባችሁ ይደገምልኝ በሉ። ማሰብ ካስፈለጋችሁም «አንዴ ላስብ» ብላችሁ አምስት ሰከንድ ዝም በሉ። ለእናንተ ሰዓት ይመስላችኋል እንጂ ለእነሱ ምንም አይደለም። የማታውቁትን «አላውቅም፣ ግን እንዲህ ብዬ እፈልገዋለሁ» ማለት ከመዘባረቅ በብዙ ይሻላል።

ልምምዱን ደግሞ ከመስታወት ጋር አታድርጉት፣ መስታወት አይጠይቅም። ሰው ፈልጉ፤ በተለይ የሚያቋርጣችሁና «እሺ፣ አንተ ግን ምን አደረግክ?» የሚል ክፉ ሰው። ስልክ ላይ ቅረጹትና ስንት ጊዜ «እኛ» እንዳላችሁ ቁጠሩ። ያቺ የሰፈራችን ልጅ መጀመሪያ ቀን 14 ጊዜ ብላ ነበር።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉ የለኝም አትበሉ። ድረ ገጹ ላይ መልሱ የሌለ፣ የእውነት ማወቅ የምትፈልጉትን ሁለት ጥያቄ ያዙ።

እንደጨረሳችሁ ወደ ጓደኞቻችሁ ከመደወላችሁ በፊት የተጠየቃችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ያበላሻችሁትን ጨምሮ። ማታ ላይ ግማሹ ይጠፋባችኋል። እኔ ከወደቅኩ በኋላ እያለቃቀስኩ የጻፍኳቸው ዘጠኝ ጥያቄዎች ነበሩ፤ በዓመቱ ሌላ ፓነል ፊት ስቀመጥ ሦስቱ ቃል በቃል ተመልሰው መጡ።