ወንዙን «እርስዎ» በሉት፦ በምናብ ጨዋታ ከእሳት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከመሬት ፍጡራን ጋር እንዴት እንደሚደራደሩ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ እናቴ ቤት፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ አምስት ሆነን እንቀመጣለን። ረከቦቱ መሐል ነው። ካርታው የሒሳብ ደብተር ላይ ተስሏል። ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የጨዋታው መሪ እኔ ነኝ። ዓለሙን እኔ እተርካለሁ፤ ሌሎቹ አንዳንድ ገፀ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይሱ ይፈርዳል። ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ የዚህ ጨዋታ መሠረቱ ይኸው ነው።

አዲስ ተጫዋች ሁሉ የሚሠራት አንድ ስህተት አለች። ከወንዝ ውስጥ ውሃ ተነሥቶ ሰው መስሎ ሲቆም ሰይፉን ይመዛል። ውሃን በሰይፍ! በሕጉም ቢሆን አያዋጣም። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የጨዋታው እትም አራቱም ኤለመንታሎች፣ ማለትም የእሳት፣ የውሃ፣ የነፋስና የመሬት ፍጡራን፣ ከተራ መሣሪያ የሚደርስባቸው ጉዳት በግማሽ ይቀነሳል። ስለዚህ ማነጋገሩ ይሻላል። እንዲህ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ ለዩ

ኤለመንታል የሚባለው ከአንድ ባሕርይ ብቻ የተሠራ ፍጡር ነው። ሐሳቡ ለኛ እንግዳ አይደለም። ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተሠራ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እኛ አራቱን አስማምተን እንኖራለን፤ ኤለመንታል ግን ያለው አንዷ ብቻ ናት። ግትርነቱም ከዚያ ይመጣል። በአውሮፓም በ16ኛው መቶ ዘመን ፓራሴልሰስ የተባለ ሐኪም ለየባሕርዩ ነዋሪ መድቦለት ነበር፦ ለመሬት ኖም፣ ለውሃ ኡንዲን፣ ለነፋስ ሲልፍ፣ ለእሳት ሳላማንደር።

ተራው ኤለመንታል ብዙ አያስብም። ለተራ ሰው 10 በሚሰጠው የብልህነት መለኪያ የውሃውና የመሬቱ 5፣ የእሳቱና የነፋሱ 6 ነው። አጭር አጭር አድርጋችሁ ተናገሩ። ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ አትጠይቁ። ከነዚሁ ባሕርያት ወገን የሆኑት ጂኒዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱ ብልጥና ኩሩ ናቸው፣ ሙገሳም ይወዳሉ። ከጂኒ ጋር የምትደራደሩ ከሆነ ቦታ የሚገዛ ሰው የሚጠነቀቀውን ያህል ተጠንቀቁ።

ደጅ ጥኑ

ድሮ በነገሥታቱ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ግቢ ውስጥ ዘሎ አይገባም። ደጅ ይጠናል፣ እጅ መንሻ ይይዛል፣ አማላጅ ይፈልጋል። የኤለመንታልም ነገር እንደዚያው ነው። ጉድጓዱ፣ ገደሉ፣ ምድጃው የሱ ግቢ ነው። እንግዶቹ እናንተ ናችሁ። በጨዋታው ቋንቋ «መሣሪያዬን መሬት ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዳር ሆኜ እጠብቃለሁ» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ወጣት ተጫዋቾች ሠላሳ ሰከንድ እንኳን አይችሉትም።

የድሮዎቹ ሕጎች ለዚህ ጥሩ ነገር ነበራቸው። ፍጡር ስታገኙ መሪው ሁለት ተራ ዳይስ ይጥላል። 2 ከመጣ ወዲያው ያጠቃል፣ 12 ከመጣ በደስታ ይወዳጃል። ከ6 እስከ 8 ከሆነ ገና አልወሰነም ማለት ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ ከ36 ዕድል 16ቱ እዚህ መሐል ላይ ይወድቃሉ። እኔ አሁንም ይህንን ነው የምጠቀመው።

አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ?

ኤለመንታሎች ፕራይሞርዲያል የሚባል ቋንቋ አላቸው። አራት ዘዬ አለው፣ ለየባሕርዩ አንድ አንድ። የአንዱን ዘዬ የሚችል ሌሎቹንም ይሰማል፤ የጎንደር፣ የጎጃምና የሸዋ ሰው እንደሚግባባው ማለት ነው። ከቡድናችሁ አንድ ሰው ይህን ቋንቋ እንዲማር አድርጉ። ካልሆነ ድርድሩ በምልክት ይሆናል፣ እሳት ደግሞ ምልክት አይገባውም።

እኛ ጋ ሌላ ነገር አለ። የምንጫወተው በአማርኛ ስለሆነ አፍ እንደተከፈተ አክብሮቱ ወይም ንቀቱ ይወጣል። ባለፈው ክረምት ቡድኑ አንድ ወንዝ መሻገር ነበረበት። ወንዙን ከጎንደሩ ቀሃ ወንዝ ነው የቀዳሁት፤ በሱ ውሃ የሚሞላውን ጥምቀተ ባሕር ግን ጨዋታ ውስጥ አላስገባም፣ እሱ የእምነት ቦታ ነው። ውሃው ተነሥቶ ቆመ። ጦረኛው «አንተ፣ ዞር በል!» አለ። ወንዙ ወገቡ ድረስ መጣበት። ሁለተኛው ነገሩ ገብቶት «እርስዎ» ሲል ውሃው ዝቅ አለ። ከዚያ ከመሐላችን ዝምተኛዋ ልጅ ፍንጃሏን አስቀምጣ «እናንተ» አለች። ለምን ስላት «ጠብታው ብዙ ነዋ» አለችኝ። ዳይሱን ሁለት ጊዜ እንድትጥልና የተሻለውን እንድትወስድ ፈቀድኩላት።

ምን እንደጎደለው ጠይቁ

ወርቅ አትቁጠሩለት። እሳት ወርቅ ምን ያደርግለታል? ያቀልጠዋል እንጂ። ከመሬት ወገን ዞርን የሚባለው ብቻ ይለያል፤ የከበረ ድንጋይና ማዕድን ከሩቅ ያሸታል፣ ይበላልም፣ ስለዚህ ኪሳችሁን ጠብቁ። ለሌሎቹ እጅ መንሻው ከባሕርያቸው ይሁን። ሕጉ ራሱ ይመራችኋል። በ2014ቱ እትም ኤለመንታል ለመጥራት ለነፋስ የሚጤስ ዕጣን፣ ለመሬት ለስላሳ ሸክላ፣ ለእሳት ድኝና ፎስፎረስ፣ ለውሃ ውሃና አሸዋ ያስፈልጋል። አንድ ቀን ነፋሱን ምን እንስጠው ሲባባሉ እናቴ ዕጣኑን ፍሙ ላይ ጣል አደረገች። ጭሱ ዳይሱ ላይ ሲያልፍ ሁሉም አየው። መልሱ ተገኘ።

ከስጦታው በላይ ግን ጥያቄው ይሠራል፦ «ምን ጎደለዎት?» ያ ወንዝ ሲጠየቅ «ድንጋይ በዛብኝ» አለ። ከላይ በኩል አንድ ባለ ወፍጮ በድንጋይ ገድቦት ነበር። ስምምነቱ ቀላል ሆነ። እነሱ ግድቡን ያፈርሳሉ፣ ወንዙ አምስት ሰውና አንድ በቅሎ ያሻግራል።

ማስፈራራትም መንገድ ነው፤ ግን ሒሳቡን ቀድማችሁ አስሉ። በ2014ቱ እትም የእሳት ኤለመንታል አንድ ጋሎን ውሃ በተደፋበት ቁጥር 1 ነጥብ ይጎዳል። እኛ ሰፈር የምናውቀው ሃያ ሊትሩ ጀሪካን አምስት ጋሎን ያህል ነው። የእሳቱ የሕይወት ነጥብ በአማካይ 102 ነው። ሃያ ጀሪካን ያህል ተሸክማችሁ፣ ሁሉንም መድፋት ማለት ነው። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ይህንን ስናገር ሁሉም ሳቁ።

ቃሉን መዝኑ

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። አስማተኛው ፍጡሩን በግድ ቢያስረው ለ24 ሰዓት ይታዘዘዋል። ለማሰሪያው ቢያንስ 1,000 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ዕንቁ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ወጥቶም ፍጡሩ ከጠላችሁ ቃላችሁን እንዳለ ይፈጽማል እንጂ ሐሳባችሁን አይፈጽምም። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሰሙን ይወስዳል፣ ወርቁን ይተዋል።

አንድ ጊዜ አንድ ተጫዋች የታሰረውን የእሳት ኤለመንታል «በሩ ላይ ጠብቀን» ብሎት ገባ። ሌቦች መጡ። በእሳቱ አጠገብ አልፈው ገቡ፣ ዕቃውን ጭነው ወጡ። ቡድኑ ሲመለስ እሳቱ እዚያው ቆሟል። «ጠብቀን አላልንህም?» «ጠበቅኋችሁ፤ ይኸው መጣችሁ።» ልጁ ለአምስት ደቂቃ ከእኔ ጋር ተከራከረ። አማርኛው ግን ከእኔ ጋር ነበር።

ስለዚህ ስምምነቱን ደብተር ላይ ጻፉት። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። ከዚያ ከቡድኑ አንዱ ጠላት ሆኖ ያንብበው። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ካገኘ አውጡት። በጥሪ የመጣ ኤለመንታል ከሆነ ደግሞ አንድ አደጋ ጨምሩበት፦ በ2014ቱ ሕግ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ የጠራው ሰው ተመትቶ ሐሳቡ ከተበተነ ግን ፍጡሩ አይጠፋም። ከቁጥጥር ወጥቶ እናንተ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ጠሪውን መሐል አድርጉት።

ዋስ ያዙ

ይህንን እኔ አላሰብኩትም። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን «ምን ልትጠሩ ነው ቤቴ ውስጥ?» እያለች ታማትብ ነበር። ተረት መሆኑ ሲገባት ለቀቀችን። የወንዙ ውል ሲያልቅ ግን ሦስተኛውን እየቀዳች «ልጄ፣ ዋሱ የታለ?» አለች። ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ውል ሦስተኛ ወገን እንጠራለን። ለወንዙ ዋስ የሆነው ዳር ላይ ያለ የዛፍ መንፈስ ነበር። የቡድኑም ዋስ በቅሎዋ ሆነች። ውል ከፈረሰ ወንዙ ጋ ትቀራለች።

ዳይሱ

እዚህ አጭር ልሁን። በ2014ቱ የመሪ መጽሐፍ ወዳጅም ጠላትም ያልሆነ ፍጡር ራሱን ለአደጋ የማያጋልጥ ነገር ከሆነ የዳይሱ ድምር 10 ሲደርስ ይሠራላችኋል፤ ትንሽ አደጋ ካለበት 20 ያስፈልጋል። ጠላት ከሆነ ግን 20 ብታመጡም አደጋ የሌለበትን ብቻ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ መጀመሪያ አመለካከቱን ለውጡ፣ ዳይሱ በኋላ ይመጣል። መሪ ከሆናችሁ ጥሩ የተናገረን ሰው በመጥፎ ዳይስ ሙሉ በሙሉ አትቅጡት። እሺታውን ስጡትና ዋጋውን ጨምሩበት።

ከውሉ በኋላ

የኛ ሰዎች ወንዙን ተሻገሩ፣ ግድቡንም አፈረሱ። አራት ትላልቅ ድንጋዮች ግን «ነገ እንመለሳለን» ብለው ተዉ። ከሦስት ቅዳሜ በኋላ በዚያው መንገድ ሲመለሱ ወንዙ ተነሣ። ጨዋነት የተማረው ጦረኛ ገና «እርስዎ» ብሎ ሳይጨርስ ውሃው «አንተ» አለው። ከዚያ በፊት «እርስዎ» ይለው ነበር። ሳሎኑ ጸጥ አለ። በቅሎዋን ሁሉም በአንድ ጊዜ አስታወሳት።

የዚያን ዕለት መሻገር የሚል ሰው አልነበረም። ወደ ላይ ወጡ፣ አራቱን ድንጋይ በትከሻቸው አወጡ፣ ምንም ሳይጠይቁ «ደህና ይዋሉ» ብለው በረጅሙ መንገድ ዞረው ሄዱ። በቅሎዋ ተመልሳለች። «እርስዎ» የሚለው ግን እስካሁን አልተመለሰም።