ሐይቅ ዳር ወፍ ፎቶ ለሚያነሡ፦ መጀመሪያ የፀሐይዋን አቅጣጫ

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ወፎችን ፎቶ ለማንሣት የሚያቅዱ ሰዎች ከሌንስ መጠን አስቀድመው ሊያጣሩት የሚገባው ነገር ከተማው ከሐይቁ በየትኛው በኩል እንደሚገኝ ነው። ሐዋሳ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረች በመሆኗ ጠዋት ፀሐይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ወጥታ ውኃው ላይ ያሉትን ወፎች ከፊት ታበራቸዋለች፤ ባቱ ግን ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ስለሆነች እዚያ የሚሻለው ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው የማታ ብርሃን ነው።

በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል፣ ዓሣው በሚበለትበት ሰዓት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው ሳይፈሩ እግር ሥር ስለሚሰበሰቡ የስልክ ካሜራም ይበቃል። የሚያስቸግረው ቀለማቸው ነው። ጥቁር ጀርባና ነጭ ሆድ አንድ ላይ ሲገኙ ካሜራው ጥቁሩን ለማሳየት ሲል ነጩን ላባ ዝርዝር የሌለው ባዶ ነጭ ያደርገዋል፤ ስለዚህ በስልኩ ስክሪን ላይ ነጩን ክፍል ነክቶ ብርሃኑን በጥቂቱ መቀነስ፣ ከዚያም በርከክ ብሎ በወፉ ዓይን ትክክል ማንሣት ይበጃል። በበረራ ላይ ያለን ወፍ በካሜራ ለማስቀረት ደግሞ የካሜራውን መዝጊያ (ሻተር) ፍጥነት ወደ 1/2000 ሰከንድ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ወፏ መመገቧን አቋርጣ አንገቷን ካቀናች ከሚገባው በላይ ተቀርባለችና ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ተገቢ ነው። በሁለቱም ሐይቆች ጉማሬ ስላለ፣ ለተሻለ ፎቶ ተብሎ ቄጠማው ውስጥ ብቻን መግባት ፈጽሞ አይመከርም።