የትንሽ መኪናዎን የፍሬን ዲስክ እንዴት እንደሚፈትሹና እንደሚንከባከቡ

ጎንደር የኮረብታ ከተማ ናት። ወደ ጎሃ የወጣ መኪና መልሶ ይወርዳል፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚሄድ ሰውም እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሳ ብዙ መንገድ ይጓዛል። እዚህ የሚነዳ መኪና ፍሬኑ ሜዳ ላይ ከሚነዳው የበለጠ ይለፋል። ያም ሆኖ ጋራዥ ውስጥ ያለ ጥፋቱ ተወቅሶ የሚጣል ዲስክ ብዙ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ከፍያለሁ። መሪዬ ፍሬን ስይዝ ይንቀጠቀጥ ነበርና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ዲስኮቹ ሳይለኩ ቶርኖ (የብረት መላጫ ማሽን) ገብተው ተላጡ። ለሦስት ወር ያህል መኪናው ለሰለሰ። ከዚያ መንቀጥቀጡ ተመለሰ፤ ዲስኮቹ ግን ዳግመኛ ለመላጥ የሚሆን ውፍረት አልቀራቸውም። ችግሩ ከዲስኩ ኋላ፣ ሞዞው (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት ማዕከል) ላይ የተጋገረ ዝገት ነበር።

ዲስክ ከጎማው ጋር የሚሽከረከር፣ ከጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት) የተሠራ ክብ ነገር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚያቅፈው መቆንጠጫ) ሁለቱን ሸራዎች፣ ማለትም የሚፈትጉትን ንጣፎች፣ በዲስኩ ግራና ቀኝ ያጣብቃቸዋል፤ የመኪናው ፍጥነትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉ ትንንሽ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡሮ (ከበሮ መሰል ፍሬን) አላቸው፤ ሲቆሙ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ትልቁን ሥራ የሚሠሩት የፊት ዲስኮች ናቸው። የሥራውን መጠን ለመገመት የሊማሊሞን ቁልቁለት ያስቡ። ከነተሳፋሪዎቿ 1200 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ኃይል፣ ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ከ35 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ውስጥ ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ካላደረጉ አብዛኛው የሚያርፈው በሁለት ቀጫጭን ብረቶች ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ ሳይፈቱ ያዳምጡ

ጭር ባለ ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር እየነዱ ፍሬኑን ቀስ አድርገው ይያዙ። መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት ዲስኮችን ይጠርጥሩ። ወንበሩና የመኪናው አካል ብቻ ከተንቀጠቀጡ የኋላውን ታምቡሮ ያስፈትሹ። ፍሬን ሳይዙም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉዳዩ የጎማ ባላንስ ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ዲስኩን ለጊዜው ይተዉት። ክረምት ላይ ጠዋት የሚሰማው ሽርሽርታ አያስጨንቅዎ፤ ሌሊት በእርጥበት የዛገው ስስ ሽፋን ነው፣ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲይዙ ይጠፋል። ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ፉጨትና ጩኸት ግን ሸራው እንዳለቀ ስለሚናገር ቀን አይሰጥም።

መፍታትና ማየት

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ድንጋይ ያስደግፉ። የጎማውን ዳዶዎች በክሪክ ከማንሳትዎ በፊት ያላሉ። ካነሱ በኋላ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ወይም ጠንካራ ጉማጅ ሳያስገቡ እጅዎን ከሥር አያስገቡ፤ ክሪክ ይንሸራተታል። (የጋራዣችን ቋንቋ ታምቡሮ፣ ቶርኖ፣ ክሪክ እያለ በጣሊያንኛ የተሞላ ነው፤ የሊማሊሞን መንገድ የቆረጡት ጣሊያኖች ይህንንም ትተውልን ሄደዋል።)

ዲስኩን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ በኩልም በባትሪ ያብሩበት። የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ከደረቀ የውስጡ ሸራ ብቻውን ስለሚሠራ፣ ውጭው አምሮ ውስጡ ያለቀ ዲስክ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ጥፍርዎን ከመሃል ወደ ጠርዝ ያንሸራትቱ፤ ቀጫጭን መስመሮች የተለመዱ ናቸው፣ ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ቦይ ግን ጥሩ ምልክት አይደለም። ሰማያዊ የሆነ ቦታ ከመጠን በላይ የሞቀ ነው። ስንጥቁ እስከ ጠርዝ ከደረሰ ዲስኩን ያለ ክርክር ይቀይሩ። የሸራው ውፍረት ወደ 3 ሚሊሜትር ከወረደም መቀየሪያው ደርሷል።

መለካት

አብዛኛው ዲስክ የመጨረሻው ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጾበታል፤ ጠርዙን ወይም የመሃሉን ቆብ በሽቦ ብሩሽ ካጸዱት ቁጥሩን ያገኙታል። በትንንሽ መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ከአዲሱ ውፍረት በ2 ሚሊሜትር ያህል ያነሰ ነው። ያገለገለ ዲስክ ጠርዙ ላይ ያልተበላ ከንፈር ስለሚያወጣ ካሊብሮ (የውፍረት መለኪያ) በቀጥታ ሲገባበት ከንፈሩን ለክቶ ያታልላል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ሁለት ንጹሕ የአንድ ብር ሳንቲሞችን በዲስኩ ግራና ቀኝ፣ ሸራው በሚነካው ቦታ ላይ አስይዤ አብሬ እለካና የሳንቲሞቹን ውፍረት እቀንሳለሁ። ከተቀረጸው ቁጥር በታች ከሆነ ዲስኩ አብቅቷል፤ ቶርኖ አያድነውም።

ሞዞውን ማጽዳት

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። «ዲስኩ ጠመመ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ በዲስኩና በሞዞው መካከል ትንሽ ዝገት ወይም ጠጠር ይገባል፤ ዲስኩ በጥቂት የሚሊሜትር መቶኛዎች ዘመም ብሎ ይቀመጣል። ፍሬን ባይያዝም በየዙሩ አንዱ ቦታ ሸራውን ይልሳል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ይሳሳል፤ ያኔ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። 0.02 ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ ለእጅ ይሰማል፤ ይህን ለማየት ካሊብሮ አይበቃም፣ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። ቶርኖ የሳሳውን ያስተካክላል፣ ዝገቱ ግን እዚያው ከቀረ ታሪኩ ከሥር ይጀመራል።

ስለዚህ ካሊፐሩን ይፍቱና በሽቦ ያንጠልጥሉት፤ በፍሬን ቱቦው እንዲንጠለጠል አይተዉት። ዲስኩ ከተጣበቀ በብዙ መኪኖች ቆቡ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ተስማሚ ብሎን በሁለቱም ተራ በተራ ሲጠብቅ ዲስኩን ገፍቶ ያወጣዋል። ሞዞውንና የዲስኩን የውስጥ ገጽ ብረቱ እስኪታይ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። ገጹን ግራሶ አይቀቡ። ፒኖቹ ግን የፍሬን ግራሶ ይፈልጋሉ።

ለመቀየር ከወሰኑ ግራና ቀኙን አብረው፣ ከአዲስ ሸራ ጋር ይቀይሩ። አዲስ ዲስክ ከዝገት የሚጠብቅ ዘይት ስላለው በፍሬን ማጽጃ ወይም በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

መግጠምና ማለማመድ

ዳዶዎቹን በክብ ሳይሆን በኮከብ ቅርጽ፣ ተራ በተራ ያጥብቁ። ለብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች ልኩ ወደ 100 ኒውተን ሜትር ነው። ጎሚስታ ቤት በአየር መሣሪያ አንዱን ጨፍልቆ ሌላውን አላልቶ ሲያስር ካዩ በትህትና ያስቁሙትና በእጅ እንዲጨርስ ይጠይቁ፤ ዲስኩን ከሚያዛቡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ከመንቀሳቀስዎ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ፤ ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይሆንበታል።

ከዚያ አዲሱን ዲስክና ሸራ እርስ በርስ ለማለማመድ፣ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ፍጥነት ይቀንሱ፤ በየመሃሉ ትንሽ ይንዱ። በመጨረሻም ፍሬን ሳይነኩ እየነዱ ያቀዝቅዙት።

ቁልቁለት ላይ

ከመውረድዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ ይምረጡ። ፍሬኑን እየጎተቱ ከመውረድ ይልቅ ጠንከር አድርጎ መያዝና መልቀቅ ዲስኩን ያስተነፍሰዋል። እንደወረዱ መኪናውን አያሳጥቡ፤ የጋለ ጊዛ ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ ሊሰነጥቀው ይችላል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። እርጥበት ስለሚስብ የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚችለው፣ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል።

ቁልቁለት መሃል ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም የተቃጠለ ሸራ ከሸተተዎት ወዲያውኑ ማርሹን ዝቅ አድርገው፣ ሰፊ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ለጎማዎቹ ድንጋይ ያስደግፉ፤ ውሃ ሳያፈሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ፔዳሉ እንደ ቀድሞው ካልጠነከረ ጉዞው እዚያው ይቁምና መካኒክ ይጥሩ።