በኤንኤች35 ማሽን የራስዎን ዳይቨር ሰዓት መገጣጠም፤ ለኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠርም እንዲመች ማድረግ

ሮሌክስ ሰብማሪነርን በ1953 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ጥቁር ገጽ፣ ጎላ ያሉ ነጭ ምልክቶችና የሚሽከረከር ጠርዝ የዳይቨር (ለውኃ ጠላቂዎች የተሠራ) ሰዓት ሁሉ መልክ ሆነዋል። ይህን መልክ የወደደ ሰው ገበያ ሲወጣ ቶሎ የሚቀርብለት ግን ፎርጅዱ ነው። ፎርጅድ ሰዓት ውስጡ የትኛው ማሽን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም። ገጹ ላይ የተጻፈው «300 ሜትር» ማንም ያልፈተነው ጽሑፍ ነው፤ ሲበላሽም የኩባንያው ጥገና ቤት አይቀበለውም። ሕጉም አለ። በኢትዮጵያ የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተጠበቀ ነው። ስዊዘርላንድ ደግሞ ከሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለግል መጠቀሚያ የገባን አንድ ፎርጅድ ሰዓት እንኳ ጉምሩክ ላይ ወስዳ ታስወግዳለች።

የተሻለው መንገድ ያንኑ ቅርጽ የሌላ ሰው ስም ሳይለጠፍበት በራስ እጅ መገጣጠም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይታወቅ፦ «ሴይኮ» (የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ኩባንያ) የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ነገር ግን ሴይኮ ያልሠራው ገጽም ፎርጅድ ነው። ብዙ መለዋወጫ ሻጮች እንደ ቀላል ነገር ያቀርቡታል፤ አይግዙት። ጽሑፍ የሌለበትን ይምረጡ፤ ከፈለጉ የራስዎን ስም ወይም የግእዝ ቁጥር ያሳትሙበት።

ምን ይገዛል?

የመለዋወጫው ዓለም የተገነባው ከ1996 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በተመረተው በሴይኮ ኤስኬኤክስ007 ዳይቨር ሰዓት ልክ ላይ ነው። ስለዚህ ቀፎውን (ማሽኑ የሚገባበትን የብረት አካል) «ለኤስኬኤክስ007 ልክ የተሠራ» ብለው ይግዙ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር ይሄዳል። ገጹ 28.5 ሚ.ሜ. ስፋት ይኑረው። መስታወቱ 31.5 ሚ.ሜ. ሳፋየር፣ ከመስታወቱ ሥር የሚቀመጠው የደቂቃ ቀለበት 30.5 ሚ.ሜ.፣ የጠርዙ ላይ ሳህን ደግሞ በውጭ ዙሪያው 38 ሚ.ሜ. ነው። የማሰሪያው ስፋት 22 ሚ.ሜ.፣ የማሰሪያው ፒን 2.5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ይሁን። ቀጭን ፒን በኤስኬኤክስ ቀፎ ቀዳዳ ውስጥ ይላወሳል፤ በመጨረሻም ሰዓቱን ይጥላል።

ማሽኑ ኤንኤች35ኤ ነው። ሴይኮ ለሌሎች ሰዓት ሠሪዎች የሚሸጠው አውቶማቲክ ሲሆን 24 ድንጋይ (መፋተግን የሚቀንስ ጠንካራ ድንጋይ) አለው፤ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ ሙሉ ተሞልቶ ሳይታሰር 41 ሰዓት ያህል ይሠራል። ፋብሪካው የሚፈቅደው ልዩነት በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መቅደም ነው። በድሮው ኤስኬኤክስ ውስጥ የነበረው 7ኤስ26 የተባለው ማሽን በእጅ አይሞላም፣ መሙያው (በሰዓቱ ጎን ያለው ማዞሪያ) ሲሳብም ሰከንድ ቆጣሪው አይቆምም፤ ኤንኤች35 ሁለቱንም ያደርጋል። ቀን የማያሳይ ገጽ ከመረጡ ኤንኤች38ን ይውሰዱ። በኤንኤች35 ላይ ቀን የሌለበት ገጽ ቢገጠም መሙያው ሲሳብ መሐል ላይ ሥራ የሌለው አንድ እርከን ይቀራል።

ቆጣሪዎቹ የቀዳዳ ልካቸው ይህ ነው፦ ሰዓት ቆጣሪ 1.50፣ ደቂቃ ቆጣሪ 0.90፣ ሰከንድ ቆጣሪ 0.20 ሚ.ሜ.። በጨለማ የሚያበራው ቀለም ከገጹ ቀለም ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ሲ3 የሚባለው አረንጓዴ፣ ቢጂደብሊው9 ደግሞ ሰማያዊ ያበራል፤ ተደባልቀው ሲገጠሙ ማታ ያስጠላሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ መሙያው 3 ቁጥር ላይ ያለበትን ቀፎ ይምረጡ። የኦሪጅናሉ መሙያ 4 ቁጥር አጠገብ ስለሆነ ማሽኑ ቀፎው ውስጥ ዞሮ ይቀመጣል። ስለዚህ የገጹ እግሮችም፣ የቀን ቁጥሮቹ የታተሙበት ዲስክም ለዚያ ቦታ የተሠሩ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ቀኑ በመስኮቱ ውስጥ ተጣሞ ይታያል።

ከመሣሪያ ጥሩ ጫፍ ያለው ትንሽ ካቻቢቴ፣ ወረንጦ፣ ቆጣሪ መጫኛና ማንሻ፣ መስታወት መጫኛ ፕሬስ፣ አጉሊ መነጽር፣ በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ፣ የጣት ጎማ፣ የሲሊኮን ቅባትና ማሽኑን የሚይዝ መያዣ ያስፈልግዎታል። ለመሙያው ዘንግ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ይግዙ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይታያል።

የሚሠሩበት ክፍል መስኮቱ የተዘጋ፣ ማራገቢያው የጠፋ ይሁን። ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሰው አይሥሩ። መስታወት ሥር ገብቶ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የጥጥ ብናኝ ነው፤ ሰዓቱ ከተዘጋ በኋላ ጥቁር ገጽ ላይ አንዲት ክር ጎልታ ትታያለች።

አገጣጠም

የደቂቃውን ቀለበት ከመስታወቱ በፊት ያስቀምጡ፤ የ12 ምልክቱ ከቀፎው መሐል ጋር መግጠሙን በአጉሊ ይዩ። ቀለበቱ በግማሽ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ሰዓቱን ባዩ ቁጥር ዓይንዎ እዚያ ይሄዳል። ከዚያ ውኃ የሚከለክለውን ጎማ፣ በላዩም መስታወቱን አድርገው በፕሬስ ቀስ ብለው ይጫኑ። መስታወቱ አንድ ወገን ቀድሞ ከገባ አያስገድዱት፤ አውጥተው እንደገና ያስተካክሉት። ሳፋየር በቀላሉ አይቧጨርም፣ ጠርዙ ላይ ኃይል ሲበዛበት ግን ይሰነጠቃል።

ገጹ አራት እግሮች ካሉት ከማሽኑ ቀዳዳ ጋር የሚገጥሙትን ሁለቱን ይተዉና ሌሎቹን ከሥራቸው ይቁረጡ። ገጹ ያለ ምንም ግፊት ተኝቶ መቀመጥ አለበት። ከፍ ካለ የተረፈ የእግር ጉቶ አለ ማለት ነው፤ በሞረድ ያስተካክሉት።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ቆጣሪዎቹ። መሙያውን ከዘንጉ ጋር ለጊዜው አስገብተው ወደፊት ያዙሩ፤ የቀኑ ቁጥር ተቀይሮ ሲጨርስ ያቁሙ። ያ ቦታ እኩለ ሌሊት ነው። ከዚህ በኋላ መሙያውን ሳይነኩ ሰዓት ቆጣሪውን በትክክል 12 ላይ ያድርጉና ቀጥ ብለው ይጫኑ። ደቂቃ ቆጣሪውንም እንዲሁ። ከዚያ መሙያውን አዙረው ደቂቃ ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ሰዓት ቆጣሪው 3፣ 6 እና 9 ላይ በየምልክቱ መሐል መቆሙን ይዩ። ካልቆመ ገጹን በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍነው በማንሻ አንስተው ይድገሙት። አጥፎ ለማስተካከል መሞከር ቆጣሪውን ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም።

ሰከንድ ቆጣሪው ትዕግሥት ይጠይቃል። ቱቦው 0.20 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ በአጉሊ ሥር ከምሰሶው ጫፍ ላይ መቀመጡን ሳያረጋግጡ አይጫኑት። መቀመጡን የሚያውቁት በወረንጦ ጫፍ ቀስ ብለው ሲነኩት ሳይንሸራተት ሲቀር ነው። ከዚያ በፊት የተጫነ እንደሆነ ወይ ቱቦው ይጨፈለቃል ወይ ምሰሶው ይጎብጣል። ሦስቱም ከገቡ በኋላ ከጎን ይመልከቱ፤ በመካከላቸው ብርሃን መታየት አለበት። ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ የሚሠራ፣ እጅ ላይ ሲታሰር ወይም ቆጣሪዎቹ በተደራረቡ ቁጥር የሚቆም ሰዓት ብዙውን ጊዜ ችግሩ የቆጣሪዎች መነካካት ነው። ስለዚህ ሳይዘጉት በፊት ሙሉ 24 ሰዓት በእጅ አዙረው ይፈትሹ።

ዘንጉን ለማውጣት ማሽኑ ጀርባ ላይ ከዘንጉ አጠገብ ትንሽ ጎድጎድ ያለች ነጥብ አለች፤ እሷን በቀስታ ተጭነው ዘንጉን ይሳቡ። ካልታየችዎት መሙያውን አንድ እርከን ገፋ ወይም ሳብ ያድርጉ፤ ትወጣለች። ጠንክሮ መጫን በውስጡ ያሉትን ቁርጥራጮች ከቦታቸው ያስለቅቃል። ያኔ መሙያው ይዞራል እንጂ ሰዓት አያስተካክልም፤ ገጹንና ቆጣሪዎቹን አውጥቶ ከማስተካከል ሌላ መፍትሔ የለውም።

ዘንጉ ረጅም ሆኖ ስለሚመጣ በልክ ይቆረጣል። መጀመሪያ ሆን ብለው አስረዝመው ይቁረጡ፤ ከዚያ በየጊዜው 0.2 ሚ.ሜ. ያህል እየሞረዱ ይለኩ። ዘንጉ ከረዘመ መሙያው እስከ መጨረሻው አይጠብቅም፤ ውኃ የሚገባውም በዚያ ነው። ካጠረ ደግሞ መሙያው በትክክል አይሠራም፤ ያጠረ ዘንግ አይመለስም፣ ትርፍ ያስገዛሁዎትም ለዚህ ነው። ትክክለኛው ልክ መሙያው ጥብቅ ብሎ የሚዘጋበት፣ ሲፈታም ሁለቱም እርከኖች በግልጽ የሚሰሙበት ነው። ልኩ ሲገኝ ክሩ ላይ በመርፌ ጫፍ ሎክታይት 222 ወይም 243 (የክር ማጣበቂያ) ቀብተው መሙያውን ያጥብቁ።

ገጹንና የመስታወቱን ውስጥ በአየር ይንፉ፤ መብራቱን ከጎን አድርገው ብናኝ ይፈልጉ፤ ከዚያ ማሽኑን ከመያዣ ቀለበቱ ጋር ወደ ቀፎው ያስገቡ። የኋላ ክዳኑንና የመሙያውን ጎማ በስሱ የሲሊኮን ቅባት ይቀቡ። ብዙ ቅባት አይጠቅምም፤ ቆሻሻ ይሰበስባል።

ውኃ ከመንካቱ በፊት የግፊት መፈተሻ ያለው ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ይውሰዱት። ሰዓቱ ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ግፊት ይሰጠዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ውኃው ውስጥ ገብቶ ግፊቱ ይቀነሳል። ያልተቋረጠ የአየር አረፋ ከወጣ ያስገባል ማለት ነው፤ ግፊቱ ሳያልቅ ወዲያው መውጣት አለበት።

ማስተካከል

የሰዓት መለኪያ ማሽን ካገኙ የኤንኤች35 ሊፍት አንግል (መለኪያው ለስሌቱ የሚጠይቀው ቁጥር) 53 ዲግሪ ላይ ይደረጋል። ሰዓቱን ሙሉ ሞልተው፣ ገጹን ወደ ላይ አድርገው ይለኩ። የሚዛኑ (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው መዘውር) ሽክርክሪት ከ250 ዲግሪ በላይ ከሆነ ጤነኛ ነው። በሚዛኑ ላይ ካሉት ሁለት ማንሻዎች አንዱ ፍጥነቱን፣ ሌላው የምቱን እኩልነት ይቀይራል። እጅግ ትንሽ ንክኪ ይበቃል፤ የጸጉር ያህል እንቅስቃሴ ብዙ ሰከንድ ያመጣል። ደህና የነበረ ሰዓት በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ማንሻውን አይንኩ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ወይም የቦርሳ ማግኔት ነክቶት ይሆናል፤ በማግኔት ማጥፊያ በሰከንዶች ይድናል።

ጠርዙና የኢትዮጵያ ሰዓት

ተራው ዳይቨር ጠርዝ 60 ደቂቃ የተጻፈበት ነው። እናንተ ግን ከ1 እስከ 12 የተጻፈበትን ሳህን ግዙ፤ ለእኛ አቆጣጠር ይህን ያህል የሚመች ነገር የለም። በዓለም አቀፉና በእኛ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት፣ ማለትም የክቡ ግማሽ ነው። ጠርዙን አዙረው የጠርዙን 12 ከገጹ 6 ጋር ካገጠሙት ሰዓት ቆጣሪው በገጹ ላይ የውጭውን፣ በጠርዙ ላይ የእኛን ያሳያል። በኤስኬኤክስ ጠርዝ ሙሉ ዙር 120 ቀጭታ ስለሆነ ይህ 60 ቀጭታ ነው። ሳህኑን ሲለጥፉ ጠርዙ አንድ ቀጭታ ላይ ቆሞ 12ቱ ልክ በገጹ 12 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ማጣበቂያው ለአንድ ቀን ይድረቅ።

ሳውዲ አረቢያ ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ስለሆነ ያው 6 ላይ ይተወዋል። ዱባይ ከሆነ የጠርዙ 12 ከገጹ 7 ጋር ይገጥማል። እስራኤል በበጋ ሰዓታቸው 6፣ በክረምት ሰዓታቸው 5 ላይ። ዋሽንግተን በክረምታቸው 10፣ በበጋቸው 11 ላይ ነው። ጠርዙ ወደ ግራ ብቻ ስለሚዞር ዋሽንግተን ያለ ሰው በመጸው 10 ቀጭታ ሲበቃው በጸደይ 110 ማዞር ይኖርበታል።

ቆጣሪዎቹን ራሳቸውን በኢትዮጵያ ሰዓት መሙላት የሚፈልጉ ደግሞ ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲቀየር ያድርጉ። ማታ 12 ላይ ከተቀየረ ቆጣሪዎቹን አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 12 ሰዓት ወደፊት ይውሰዱ። ቀኑን በእጅ ሲቀይሩ ሁልጊዜ ሰዓት ቆጣሪውን መጀመሪያ ወደ 6 ይውሰዱት። ቀን የሚቀይረው ጥርስ ከመቀየሪያው 3 ሰዓት ግድም በፊት ጀምሮ፣ ከቀየረም በኋላ 3 ሰዓት ያህል ተያይዞ ስለሚቆይ፣ በዚያ መካከል ማስገደድ ጥርሱን ይሰብራል። ዲስኩ እስከ 31 ስለሚቆጥር ወሩ ባለቀ ቁጥር 31ን በአንድ ቀጭታ ይዝለሉት። ጳጉሜን 5 ካለፈ በኋላ መስኮቱ 6 ሲያሳይ ወደ መስከረም 1 ለመድረስ 26 ቀጭታ ይቀራል፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት 25።

አያያዝ

መሙያውን ሁልጊዜ አጥብቀው ይዝጉ፤ ውኃ ውስጥ አይፍቱት። ሙቅ ሻወርና ሳውና ጎማውን ያደክማሉ። ጎማዎቹን ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይፈትሹ፤ የተጨፈለቀ ወይም የተሰነጠቀ ይቀየር። ሰዓቱን ለሌላ ሰው ሲሸጡ በእጅ የተገጣጠመ መሆኑንና የየክፍሉን ምንጭ በጽሑፍ ይስጡት።

ማሽኑ ከዓመታት በኋላ ሲደክም ሙሉ እድሳት ከማስደረግ አዲስ ኤንኤች35 መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የቆረጡትን ዘንግ ከነመሙያው አይጣሉት፤ አዲሱ ማሽን ላይ እንዳለ ይገባል።